በሬው ቬሎ ቤት የገባ ዕለት

ጋሽ ተካ ዶሮ ይፈራል። ይህን የምለው ስሙን ላጠፋ አይደለም፤ ወልቂጤ ውስጥ የእኛ መንገድ ሰው በሙሉ ያውቃል፣ እሱም አይክድም። «ጫጩት ያላትን ነው እንጂ ብቻዋን የሆነችውንስ እችላታለሁ» ይላል፣ ያውም ኮስተር ብሎ። ውሻ ይፈራል፣ መብረቅ ይፈራል፣ ፊኛ ሲነፋ ካየ ጆሮውን ይዞ ይወጣል። ሥራው ሶፋ መሥራት ስለሆነ ቀኑን ሙሉ መርፌ በእጁ እንደያዘ ይውላል፤ ጤና ጣቢያ ሄዶ የነርስ መርፌ ሲያይ ግን ሁለት ሰው ካልደገፈው አይቆምም። አንድ ጊዜ አዲስ አበባ ስድስተኛ ፎቅ ላይ ላለ ደንበኛ ሶፋ ሊያደርስ ሄደ። ሶፋው በሊፍት ወጣ፣ እሱ በደረጃ። ሲደርስ ባለቤቶቹ ሶፋው ላይ ተቀምጠው ምሳቸውን በልተው ጨርሰው ነበር።

እኔ ሰብለ እባላለሁ፤ ፎቶ ኮፒ ቤት አለኝ። ሱቄ በሁለት ሰዎች መካከል ነው። በግራዬ የጋሽ ተካ ሶፋ ቤት፣ በቀኜ የጋሽ ደበሌ የሙሽራ ልብስ ኪራይ፣ እኛ በአጭሩ ቬሎ ቤት የምንለው። ከቬሎ ቤቱ የሚለየኝ አንድ ስስ የችፑድ ግድግዳ ብቻ ስለሆነ፣ እዚያ ውስጥ ሙሽራ ስታስነጥስ እዚህ ሆኜ «ይማርሽ» እላለሁ።

ጋሽ ደበሌ በሁሉም ነገር የጋሽ ተካ ተቃራኒ ነው። በር ሲገባ ጎንበስ የሚል፣ ትከሻው ለሁለት ሰው የሚበቃ፣ ሲያወራ መስታወት የሚያንቀጠቅጥ ሰው ነው። በወጣትነቱ ጅብ በጥፊ መትቻለሁ ይላል። እኔ እዚህ መንገድ ላይ ሱቅ ስከፍት ጅቡ አንድ ነበር፤ ከሁለት ዓመት በኋላ ጅቦቹ ሦስት ደረሱ። ለጋሽ ተካ ያወጣለት ስም «ጀግናው» ነው። ጠዋት ጠዋት፣ «ጀግናው፣ ዛሬስ መንገድ ላይ ዶሮ አልገጠመችህም?» ይልና መንገዱን በሳቅ ያናውጠዋል። ጋሽ ተካ ፈገግ ብሎ ስፖንጁን መቁረጡን ይቀጥላል። አይከፋውም ማለቴ ግን አይደለም። ሲከፋው ስፖንጁን ጠማማ አድርጎ ይቆርጣል፤ ያን ቀን የተሠራ ሶፋ ላይ የተቀመጠ ሰው ወደ አንድ ጎን ያዘነብላል።

ነገሩ የሆነው አምና፣ ለመስቀል ሁለት ቀን ሲቀረው ነው።

ጠዋት ከቡታጅራ ባልና ሚስት ሶፋ ሊያዙ መጥተው ነበር። ጋሽ ተካ የስፖንጅ ዓይነት ሊያሳያቸው እጁን ክምሩ ውስጥ ሲሰድ፣ ጋሽ ደበሌ ቀደም ብሎ የሸጎጠው የፕላስቲክ እባብ አብሮ ወጣ። ጋሽ ተካ ሮጦ ሊወጣ አልሞከረም። ያገኘው ቅርብ ነገር ላይ ወጣ፤ ያገኘው ቅርብ ነገር ደግሞ ባልየው ነበር። ሰውየው ጀርባ ላይ እንደ ሕፃን ታዝሎ፣ «አውርዱኝ! አይ፣ አታውርዱኝ!» እያለ ሲጮህ ጋሽ ደበሌ በር ላይ ቆሞ በስልኩ ይቀርጽ ነበር። ባልና ሚስቱ ሳያዙ ሄዱ። እስከ ምሳ ሰዓት ድረስ ቪዲዮውን ያላየ ወልቂጤ ውስጥ አልቀረም።

ከምሳ በኋላ ጋሽ ተካ ወደ እኔ ጋ ብቅ አለ።

«ሰብለ፣ ቪዲዮው አንቺም ጋ ደርሷል?»

«ደርሷል ጋሽ ተካ።»

«ስንት ሰው ላከልሽ?»

«ዘጠኝ።»

ትንሽ አሰበና፣ «ሰውየው ግን ጠንካራ ጀርባ ነበረው» ብሎ ተመለሰ። ወዲያው መቀሱ ስፖንጅ ሲቆርጥ ሰማሁ። ጠማማ እንደነበር ሳላይ አውቃለሁ።

የመንገዳችን ነጋዴዎች ለመስቀል በጋራ በሬ እናርዳለን። በሬው ያን ቀን ከሰዓት በአይሱዙ ከአገና መጣ። ቀይ ነው፤ ቀንዱን ወደ ፊት ቀስሮ ሲቆም የሆነ ሰው ላይ ጣቱን የሚቀስር ይመስላል። ያመጡት ሰዎች «ትንሽ አመለኛ ነው፣ ለሦስት ያዙት» ሲሉ ጋሽ ደበሌ ሳቀባቸው።

«ጅብ በጥፊ የመታ ሰው በሬ ለመያዝ ረዳት ይፈልጋል?» አለና ገመዱን ተቀብሎ እጁ ላይ ሦስት ጊዜ ጠቀለለው።

ሃያ እርምጃ ያህል አምሮባቸው ሄዱ። ከዚያ አንድ ባጃጅ ከኋላቸው መጥታ ያንን የሚዘፍን ጥሩምባዋን ነፋችው። በሬው ደነገጠ። ጋሽ ደበሌም ደነገጠ። ሁለቱም ሮጡ፤ ጋሽ ደበሌ ከፊት፣ በሬው ከኋላ።

ከመንገዱ ማዶ ቅመም የምትሸጠው ሰፍያ ወንበሯ ላይ ቆማ፣ «ያ ረቢ! ገመዱን ልቀቀው! ጋሽ ደበሌ፣ ገመዱን!» እያለች ጮኸች። ገመዱ ግን ተጠቅልሏል። ከበሬ እየሸሸ በሬ የሚጎትት ሰው ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ጋሽ ደበሌ ሮጦ ሮጦ የራሱ ሱቅ ውስጥ ገባ፤ በሬውም ሌላ ምርጫ ስላልነበረው ተከትሎት ገባ። የብረት በሩ በበሬው ቂጥ ተገፍቶ ድው ብሎ ተዘጋ። መስኮቱ ላይ የተሰቀሉት ቬሎዎች ውስጡን ስለጋረዱት ከውጭ የሚታይ ነገር የለም።

ችፑዱ አንዴ ሲወዛወዝ ፎቶ ኮፒ ማሽኔ ላይ ወጣሁ። ሳላውቅ አንዱን ቁልፍ ረግጬ የጫማዬን ሶል አሥራ ሁለት ቅጂ አወጣሁ።

ውጭ ያለው ሕዝብ ወዲያው መቶ ሞላ። ጡረታ የወጡት መምህር፣ ጋሽ ታምሩ፣ አይሱዙው ላይ ወጥተው አመራር ይሰጡ ጀመር። «ማንም እንዳይደናገጥ! በሬ ሣር በል እንስሳ ነው!» ከውስጥ የጋሽ ደበሌ ጩኸት ተሰማ። ጋሽ ታምሩ «በመሠረቱ» የሚል ጨመሩ። ፖሊስ ተጠርቷል፣ እየመጡ ነው ተባለ። ስልኩን ያላወጣ ሰው አልነበረም። ሁሉም «አንድ ሰው ይግባ እንጂ!» ይላል፤ አንዱን ሰው የሚሆን ግን ጠፋ።

እኔም ከማሽኑ ወርጄ በር ላይ ስደርስ ጋሽ ተካን አየሁት። ድርብ ስፖንጅ ተሸክሞ ከሱቁ እየወጣ ነው።

«ወዴት ነው ጋሽ ተካ?»

«ውስጥ ሰው አለ እኮ ሰ-ሰ-ሰብለ» አለኝ። ጥርሱ እየተንቀጫቀጨ ስሜን ሦስት ቦታ ቆረጠው።

ስፖንጁ ከእሱ ቁመት ይበልጣል። እሱ ሲንቀጠቀጥ ስፖንጁም አብሮ ስለሚርገፈገፍ፣ ከሩቅ ለሚያይ ስፖንጁ ራሱ በርዶት የሚሄድ ይመስል ነበር። ሕዝቡ ሲያየው በሳቅ ፈነዳ። «ጀግናው መጣ! መንገድ ልቀቁ!» ስልኮች ሁሉ ወደ እሱ ዞሩ። ጋሽ ተካ በሩ ጋ ደርሶ ቆመ፤ ዓይኑን ጨፍኖ ከንፈሩን አንቀሳቀሰ፤ የጸለየ ይመስለኛል። ከዚያ በሩን በትንሹ ከፍቶ ሾልኮ ገባና መልሶ ዘጋው።

እኔ ወደ ሱቄ ተመልሼ ጆሮዬን ችፑዱ ላይ ለጠፍኩ። ማንም ቢሆን ይለጥፍ ነበር።

የጋሽ ተካ ድምፅ መጣ፣ ቀጭን ሆኖ።

«እንደምን ዋሉ?»

ከፍርሃቱ የተነሳ በሬውን አንቱ እያለው እንደሆነ እስኪገባኝ ጊዜ ወሰደብኝ።

«ይቅርታ፣ ሳላንኳኳ ገባሁ። ተካ እባላለሁ፤ ጎረቤት ነኝ። እባክዎ እዚያው ይቁሙ። አይ፣ ራስዎን ዝቅ አያድርጉ! ከፍ! ከፍ ያድርጉት ጌታ—»

ድው!

ትንሽ ቆይቶ የጋሽ ተካ ድምፅ እንደገና ተሰማ፤ «አመሰግናለሁ» አለ። የሆነውን ኋላ ነው የነገረኝ። በሬው ሲወጋው ሁለቱ ቀንዶች ድርብ ስፖንጁን በስተው በጋሽ ተካ ጆሮዎች ግራና ቀኝ ወጡ። ስፖንጁ ቀንዶቹ ላይ ተሰክቶ የበሬውን ፊት እስከ አንገቱ ሸፈነው። ምንም ያላየ በሬ ምንም አላደረገም፤ ቆመና መተንፈስ ጀመረ። ገመዱ ከጋሽ ደበሌ እጅ ከነሰዓቱ ወልቆ ወለሉ ላይ ወድቆ ነበር። ጋሽ ተካ በዳዴ ሄዶ አነሳውና ከብረት ምሰሶው ጋር አሰረው።

«ደበሌ?» አለ። «ደበሌ፣ የት ነህ?»

ጥግ ላይ ቬሎ የሚታይባቸው አሻንጉሊቶች በረድፍ ቆመዋል። ጋሽ ተካ ሁልጊዜ አራት መሆናቸውን ያውቃል። ያን ቀን አምስት ናቸው። አምስተኛዋ ከሁሉም ትረዝማለች፣ ዓይነ ርግብ አጥልቃለች፣ ከዓይነ ርግቡ ሥር ጢም አላት።

«ተካ…» አለች አምስተኛዋ በሹክሹክታ። «ሄዷል?»

«አልሄደም። ቆሟል። ግን አያይም።»

«በሬ አሻንጉሊት አይወጋም ብዬ እኮ ነው።»

«ጥሩ አስበሃል» አለው ጋሽ ተካ። እየቀለደ አልነበረም።

«ውጭ ሰው አለ?»

«ወልቂጤ በሙሉ አለ።»

«ስልክ ይዘዋል?»

«ይዘዋል።»

ያኔ ያ ግዙፍ ሰውዬ ሲያለቅስ ሰማሁት። «ዚፑ አልወርድ አለኝ ተካ። በዚህ ልብስ ካዩኝ አለቀልኝ። ከዚህ አገር መልቀቄ ነው።»

እውነቱን ልናገር። እኔ ብሆን ኖሮ በሩን ወለል አድርጌ እከፍተው ነበር። የጠዋቱ ቪዲዮ ከዘጠኝ ሰው ተልኮልኛል። በሩ ደግሞ ከጋሽ ተካ ሁለት እርምጃ ብቻ ነው የሚርቀው፤ ቢከፍተው እሱም ከበሬው ይድናል፣ ጋሽ ደበሌም የእጁን ያገኛል። እኔ እዚህ ሆኜ «ክፈተው፣ ክፈተው» እያልኩ ነበር።

ጋሽ ተካ፣ «ዙር» አለ። «ጀርባህን ስጠኝ።»

ከኪሱ መቀስ አወጣና የቬሎውን ስፌት በዚፑ በኩል አንድ በአንድ መፍታት ጀመረ። እጁ ስለሚንቀጠቀጥ የመቀሱ ጫፎች ሲንጫጩ በችፑዱ ይሰማኝ ነበር። በዚህ መሃል በሬው ራሱን መነቅነቅ ጀመረ። ስፖንጁ ሲቀደድ ቅርርር የሚል ድምፅ መጣ።

«ተካ፣ ቶሎ በል!»

«ቶሎ ካልኩ ጨርቁ ይቀደዳል።»

«ይቀደድ!»

«እንዴ፣ ለእሑድ ሠርግ የተያዘ አይደለም እንዴ? ልጅቷ ምን ትልበስ?» ከዚያ ዞር ብሎ በሬውን፣ «እርስዎም ትንሽ ይታገሡ፣ ልንጨርስ ነው» አለው።

በሰዓቴ አሥር ደቂቃ ሙሉ እዚያ ቆየ። ፍርሃቱ ለአንድ ደቂቃ እንኳ አልለቀቀውም። ድምፁ እንደቀጠነ፣ መቀሱ እንደተንጫጫ ነው ስፌቱን ፈትቶ የጨረሰው። ጋሽ ደበሌ ከቬሎው ወጥቶ ሸሚዙን ካስተካከለ በኋላ፣ ጋሽ ተካ ገመዱን ከምሰሶው ፈትቶ ሰጠው።

«አንተ ይዘኸው ውጣ።»

«ምን ልበላቸው?»

«ምንም አትበላቸው። በሬ የያዘ ሰው ማን ይጠይቀዋል?»

በሩ ተከፈተ። ጋሽ ደበሌ ፊቱ በስፖንጅ የተሸፈነ በሬ እየሳበ ሲወጣ መንገዱ በጭብጨባና በእልልታ ተናጋ። ጋሽ ታምሩ ከአይሱዙው ላይ ሆነው «ይህ ነው ወንድ!» አሉ። ጋሽ ተካ ፀጉሩ ላይ የስፖንጅ ፍርፋሪ ሞልቶ ከኋላ ወጣ። አንዱ፣ «ጀግናው፣ ውስጥ ማን ጀርባ ላይ ታዘልክ?» ሲለው ሰው ሁሉ ሳቀ። ጋሽ ተካ «በሰላም ወጣን፣ እግዚአብሔር ይመስገን» ብቻ አለና በእኔ በር በኩል ሲያልፍ ቆም አለ።

«ሰብለ፣ ያ ችፑድ ስስ ነው አይደል?»

«ስስ ነው ጋሽ ተካ።»

«እንግዲያው ምንም አልሰማሽም።»

«ጋሽ ተካ ግን—»

«ምንም።»

«እሺ፣ ምንም።»

ሁለት ቀን ትኩሳት ይዞት ተኛ። ሚስቱ ብርቱካን፣ ሁለት ቀዳዳ ያለውን ስፖንጅ አቅፋ ወደ እኔ መጣች። «ይሄ ቀዳዳ በማን ቁመት ነው? በደበሌ ቁመት ነው? እዪው፣ በባሌ ጆሮ ልክ ነው! ምን እንደሆነ ስጠይቀው ግድግዳ ያያል።» እኔም ግድግዳ አየሁ።

የጋሽ ደበሌ ወሬ በበኩሉ በየቀኑ አደገ። መጀመሪያ በሬውን በገመድ ያዘው፤ ቀጥሎ በቀንዱ ያዘው፤ በሦስተኛው ቀን ዓይን ለዓይን ተያይተው በሬው አንገቱን ደፋ። ሆኖም እኔ በችፑዱ በኩል ስለምሰማ፣ ብቻውን ሲሆን ሳቁ እንደጠፋ አውቅ ነበር። ጠዋት ጠዋት «ጀግናው» ማለቱንም ተወ። ሶፋ ቤቱ በር ላይ ይመጣል፣ ይቆማል፣ ጉሮሮውን ይጠራርጋል፣ «አየሩ ጥሩ ነው» ይልና ይመለሳል። በዝናብም ቀን እንዲሁ አለ።

ገጠር ለመስቀል የሄደው ሰው ሲመለስ፣ ጋሽ ታምሩ ግቢ ውስጥ ሰብሰብ ብለን በላን። በሬው ክትፎ ሆኗል። ጋሽ ተካ ግን አልቀምስም አለ። «ለምን?» ሲሉት፣ «ተዋውቀናል» አለ። ለሰፍያ ለብቻዋ ከተዘጋጀው ጎመንና አይብ ተካፈለ።

ጋሽ ታምሩ ተነስተው ስለ ጋሽ ደበሌ ረጅም ንግግር አደረጉ። ንግግሩ ሲያልቅ አንዱ ለሳቅ ብሎ የእባቡን ቪዲዮ ከፈተ። «አውርዱኝ! አይ፣ አታውርዱኝ!» የሚለው ድምፅ ግቢውን ሞላው፤ ሰው በሳቅ ሞተ። ጋሽ ተካም ፈገግ ብሎ ጎመኑን ይበላል።

ጋሽ ደበሌ ሳህኑን አስቀመጠ። «ዝጋው» አለ። «በሬውን የያዘው እሱ ነው። እኔ አይደለሁም። እኔ ቬሎ ለብሼ ጥግ ላይ ተደብቄ ሳለቅስ ነበር።»

ከዚያ ጋሽ ታምሩ ዕንባቸውን ጠረጉ። «አያችሁ ትሕትና! ያደረገውን ለጎረቤቱ ሲሰጥ!» ጭብጨባው ደመቀ።

«ትሕትና አይደለም!» ጋሽ ደበሌ ጮኸ። «ቬሎ ለብሼ ነበር እኮ ነው የምላችሁ!»

«ቀልዱ ደግሞ!» አለ አንዱ።

እኔ ብድግ አልኩ። «እውነቱን ነው፣ በጆሮዬ ሰምቻለሁ።»

ሰፍያ ክንዴን ይዛ አስቀመጠችኝ። «አንቺማ ጫማሽን ፎቶ ኮፒ ስታደርጊ ነበር።»

ጋሽ ደበሌ ከግቢው ወጣ። ጋሽ ተካ፣ «ደበሌ፣ ተው! አያስፈልግም!» እያለ እስከ በሩ ተከተለው፤ አልሰማውም። ሱቁ ሩቅ አይደለም። ሲመለስ ቬሎውን ለብሶ፣ ዓይነ ርግቡን አጥልቆ፣ የልብሱን ጅራት አፈር ላይ እየጎተተ ነበር።

«ይኸው» አለ። «እንደዚህ ሆኜ ነው የቆምኩት። እዚህ ጋ፣ በጀርባዬ፣ ዚፑ አልወርድ አለኝ። ጠዋት ያሳቅኩበት ሰው፣ በሬው ከኋላው ስፖንጁን እየቀደደ፣ ቆሞ ስፌት ፈታልኝ። ለምን? እናንተ እንዳታዩኝ። እንግዲህ እዩኝ።»

ሁለት ሦስት ስልክ ወደ ላይ ሲነሳ አየሁ። ያኔ ጋሽ ተካ፣ በሕይወቱ ድምፁን ከፍ አድርጎ የማያውቀው ሰው፣ «ስልካችሁን አስቀምጡ!» ብሎ ጮኸ። ራሱም በድምፁ ደነገጠ፤ ሰፍያ ጀርባ ሊደበቅ ምንም አልቀረውም። ስልኮቹ ግን ወረዱ።

ቀድማ የተናገረችው ብርቱካን ናት። መጀመሪያ እጇን አፏ ላይ ጫነች፣ ከዚያ አልቻለችም፤ «አይ ደበሌ፣ ነጭ ግን ያምርብሃል!» ብላ በሳቅ ተንከተከተች። ሰው ሁሉ ሳቀ። ጋሽ ደበሌ ራሱ በዓይነ ርግቡ ዕንባውን እየጠረገ ሳቀ። ጋሽ ታምሩ ንግግራቸውን እንደገና ከመጀመሪያው ጀመሩ፤ በዚህኛው ዙር ስሙን ብቻ ቀየሩት።

በማግስቱ ጋሽ ደበሌ ቡታጅራ ደውሎ እነዚያን ባልና ሚስት ይቅርታ ጠየቀ። እባቡን ያስቀመጥኩት እኔ ነኝ፣ ሰውየው በሶፋ ሥራ አቻ የለውም አላቸው። ባልየው፣ «መጀመሪያ ጀርባዬ ይዳን» አለ፤ ግን በኅዳር ተመልሰው አዘዙ።

ሶፋው ያለቀ ቀን ጋሽ ተካ መታወቂያውን ፎቶ ኮፒ ሊያደርግ እኔ ጋ ገባ። ማሽኑ እስኪሞቅ ለምን በሩን እንዳልከፈተ ጠየቅኩት።

«እኔ ሲሳቅብኝ ነው የኖርኩት» አለኝ። «ምን ምን እንደሚል አውቀዋለሁ። ደበሌ ግን አያውቀውም፤ እንደዚያ ያለ ትልቅ ሰው በአንዴ ቢሆንበት አይችለውም ብዬ ፈራሁ።»

«ከበሬው ይልቅ ያንን ፈራህ?»

«አይ፣ በሬውንም ፈርቻለሁ» አለ ቶሎ ብሎ። «በጣም ፈርቻለሁ።»

ውጭ የተከራዩት አይሱዙ ጥሩምባ ነፋ። ሶፋው ተጭኗል፤ ጋሽ ደበሌ ከሹፌሩ አጠገብ ተቀምጦ፣ በመስኮቱ አንገቱን አውጥቶ፣ «ተካ! እንሂድ እንጂ፣ ቡታጅራ ምሳ ሊያበሉን ነው!» ይላል። ጋሽ ተካ መታወቂያውን ኪሱ ከተተ፣ ቅጂውን እኔ ጋ ረስቶ ሮጠ።